የፊቱ ገመድ

የመንዳት አስተማሪው ንጉሡ ይመር ሰውን ሁሉ «ራቅ በል!» እያለ ሲያስተምር ኖሮ፣ በመቅረብ ሞተ።

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ መንጃ ፈቃድ ካለው ሐበሻ ግማሹ መሪ የጨበጠው ከእሱ ጎን ተቀምጦ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ትምህርቱ አጭር ነበር። «ከፊትህ ያለው መኪና የኋላ ጎማው አስፋልት ሲነካ ካልታየህ ቀርበሃል። ከቀረብህ ደግሞ ጸሎትህን አድርስ» ይል ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው ነው እንግዲህ፣ በሰኔ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ወደ አሌክሳንድሪያ በሚወስደው ቤልትዌይ አውራ ጎዳና ላይ፣ ከፊቱ ከነበረው መኪና ጣሪያ ተነሥቶ የበረረ ጀልባ መስታወቱን ጥሶ የገደለው። ፖሊሶቹ እንዳሉት ንጉሡ ተጠግቶ የነበረው ለጀማሪ ተማሪ እንኳ ይቅር በማይለው ርቀት ላይ ነበር።

ባለቤቱን ስመኝን ሌሊት ሌሊት የሚያባንናት ግን ገመዱ ነው። የጀልባውን አፍንጫ ከመኪናው ፊት ጋር አጥብቆ መያዝ የነበረበት የፊት ገመድ፣ ከአደጋው በኋላ ሲገኝ አልተበጠሰም፣ አልተቆረጠም። ተጠቅልሎ፣ በላስቲክ ታስሮ፣ እዚያው አፍንጫው ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። የዚያን ዕለት ጠዋት ጭነቱን ያሰረው ደግሞ ከመጀመሪያ ትዳሯ የወለደችው ልጇ ማቲያስ ነው። አርብ ማታ ማቲያስና ንጉሡ ተጣልተው ነበር። ልጁ ኮሌጁን በማቋረጡ እንጀራ አባቱ ሲቆጣው፣ «አንተ ባትኖር ይህ ቤት ሰላም ይሆን ነበር» ብሎት በሩን ዘግቶ ወጣ።

ይህንን ለፖሊስ የነገረችው ማን ነው ቢሉ፣ ራሷ ስመኝ ናት። የሞቱ ዕለት አንዲት ፖሊስ ትከሻዋን ይዛ፣ በለሰለሰ ድምፅ «ቤት ውስጥ ችግር ነበር?» ብትላት፣ ጭንቅላቷ የዞረባት ሴት የአርብ ማታውን ሁሉ ዘከዘከችው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ ቃሏ ተጽፎ ዐቃቤ ሕጉ ጋ ደረሰ። አሁን ልጇ በሰው መግደል ይከሰስ አይከሰስ እየተመከረበት ነው። ስመኝ ይህን ለማቲያስ አልነገረችውም። አፈረች። ከዚህም የባሰ የሚያሳፍራት ነገር ነበረ፤ አንዳንዴ ብቻዋን ስትሆን «አድርጎት ይሆን?» የሚል ሐሳብ ይመጣባታል። በቤተ ክርስቲያን ሰው ፊት፣ በልጇም ፊት ቀና ማለት አቃታት።

የማቲያስ ጠበቃ የላካት መርማሪ ሰኞ ከሰዓት መጣች። የዓለምዘርፍ ትባላለች። አዲስ አበባ ወንጀል ምርመራ ውስጥ ኮማንደር የነበረች፣ እዚህ ደግሞ ለጠበቆች የምትመረምር፣ አጠር ያለች፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ የምትፈልግ ሴት ናት። ስመኝ የሚበላ ልታቀርብላት ስትነሣ በእጇ መለሰቻት።

«ተዪው እኅቴ። የበላሁበትን ቤት መጠርጠር ይከብደኛል።»

«እኛንም ይጠረጥራሉ ማለት ነው?»

«ያልጠረጠርኩትን ሰው ነፃ ላወጣ አልችልም። ጀልባውን የነኩት እነማን ናቸው?»

«ማቲያስ፣ በመኪናቸው የጫኑት ጋሽ ጊዲዮንና የቀዘፋ ማኅበሩ አባል ትርሲት። ሌላ ሰው አልነበረም።»

የዓለምዘርፍ ጀልባ የምታውቀው የባሕር ዳርን ነው፤ ስለዚህ ስመኝ ከባሏ የሰማችውን ያህል አስረዳቻት። ይህኛው ጀልባ ቀጭንና ረጅም ነው፤ ሁለት ሰው ይቀዝፈዋል። ብቻውን ውኃ ላይ ስለማይቆም በጎኑ፣ በሁለት ክንድ የተያያዘ ትንሽ ተንሳፋፊ አለው፤ የማኅበሩ ሰዎች «ሚዜው» ይሉታል። መኪና ላይ ሲጫን ሚዜው ተፈትቶ ለብቻው ይታሰራል። ጀልባውን ሁለት ሰፋፊ ቀበቶዎች ከጣሪያው ብረት ጋር ይይዙታል፤ ከኋላና ከፊት ደግሞ አንድ አንድ ገመድ አለው። ቀላል ስለሆነ የፊቱ ካልታሰረ ነፋስ ከሥሩ ገብቶ አፍንጫውን ያነሣዋል።

ይህን ሁሉ ያመጡት ጋሽ ጊዲዮን ወልደአምላክ ናቸው። ሃዋይ በሆቴል ሲሠሩ ቀዘፋ ተምረው፣ ጡረታ ሲወጡ እዚህ ማኅበር አቋቋሙ። የማኅበሩ ደንብ አንድ ነበር፤ ጀልባው አጠገብ እንግሊዝኛ አይነገርም። እዚህ የተወለዱት ልጆች ቀዘፋውን ሲማሩ አማርኛውንም ይማሩ ብለው ነው። ወላጆች በዚህ ደንብ መርቀዋቸዋል፤ ስመኝም መርቃቸዋለች።

ማቲያስ ተጠርቶ ከፎቅ ወረደ። ቁመቱ በሩን ይሞላል፤ ድምፁ ግን አይሰማም።

«በአማርኛ እናውራ ወይስ በእንግሊዝኛ?» አለች የዓለምዘርፍ።

«ኢትስ ኦኬ። አማርኛ እሞክራለሁ።»

«እንዴት እንዳሰርከው ንገረኝ።»

«ከጋሼ ጊዲዮን ጋር ላይ ጫንነው፣ ፎሙ ላይ። ከዛ እሱ ወደ ቤቱ ገባ፣ ከቄሱ ጋር፣ ለአዲሱ ጀልባ ጸበል።» ስመኝ ሽማግሌውን «እሱ» ሲላቸው ሽምቅቅ አለች። «እኔ ሁለቱን ቤልት አሰርኩ፣ ታይት አደረግኳቸው። ሚዜውንም ታይት አደረግኩት። የኋላውን ገመድ ትርሲት ያዘችልኝ፣ እሱም ታይት ሆነ።»

«የፊቱስ?»

«ለእሱ ኮፈኑ መከፈት አለበት። ገመዱን ሁክ የምታደርጊበት ነገር ከኮፈኑ ውስጥ ነው የሚወጣው። መኪናው ተቆልፎ ነበር፣ ቁልፉ እሱ ጋ ነው። ሲወጣ ጠየቀኝ፣ አይ ቶልድ ሂም። የፊቱ ገና ነው፣ በኋላ ታስረዋለህ፣ እንደዛ። ጎበዝ አለኝ። ከዛ ሥራ ስለነበረኝ ባስ ለመያዝ ሮጥኩ።»

«ጋሽ ጊዲዮን ግን ‹የፊቱ ታስሯል አለኝ› ብለው ለፖሊስ ቃል ሰጥተዋል።»

«አይ ዲድንት! ኔቨር!» አለ ልጁ። ከዚያ ወደ እናቱ አየት አደረገ። ስመኝ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«ጋሽ ጊዲዮንን ትጠላቸዋለህ?» አለች መርማሪዋ።

«ኖ! እሱ እኮ ነው ዋና አስተማሪዬ። ቀዘፋ አልችልም ነበር።»

‹ዋና›ን፣ ‹የውኃ ዋና› እንደሚባለው አላልቶ ነበር ያለው። ስመኝ በልማድ «ዋ-ን-ና» ብላ ረግጣ አረመችው። ይህ በቤቱ የቆየ ቀልድ ነው፤ ልጁ በዓሉን ‹ገና› እና ‹ገና ነው›ን በአንድ ድምፅ ነው የሚጠራቸው። እንግዳ በመጣ ቁጥር «እስቲ ማቲ፣ ገናን በል» እየተባለ ይሳቅበት ነበር፤ ከሁሉ አስቀድማ የምትስቀውም እናቱ ነበረች። ልጁ አንገቱን ደፋ። የዓለምዘርፍ አልሳቀችም። መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ ልጁን ትኩር ብላ አየችውና፣ «በቃኝ፣ አመሰግናለሁ» አለችው።

ከዚያ ስመኝን መኪና እንድትነዳላት ጠየቀቻት። «ሰው ሐዘንተኛ ፊት ሲዋሽ ድምፁ ይለወጣል» አለች።

ትርሲት ታኮማ ፓርክ ባለው ፀጉር ቤቷ፣ በአንድ እጇ የፀጉር ማድረቂያ በሌላው ማበጠሪያ ይዛ ተቀበለቻቸው። ስመኝን አቅፋ አለቀሰች፤ ከዚያ አብራት የመጣችው ሴት መርማሪ መሆኗን ስትሰማ እንባዋን ጠርጋ ለጠብ ተዘጋጀች።

«እኔ ገመድ ያዢ ሲሉኝ ያዝኩ፣ ልቀቂ ሲሉኝ ለቀቅኩ። ሰው የሚለውን ሰምቻለሁ። አዎ፣ ነፍሱን ይማረውና ንጉሡ ሦስቴ ከቴስት መልሶኛል። ‹በሕይወት እያለሁ አንቺን መንገድ ላይ አልለቅም› ብሎኝ ተናድጄበታለሁ። ግን በፓራለል ፓርኪንግ ሰው ይገደላል እንዴ?»

«አይገደልም» አለች የዓለምዘርፍ። «አንቺ ከጋሽ ጊዲዮን ጋር ነበርሽ። ንጉሡ ለብቻው ከኋላ። መንገዱ እንዴት ነበር?»

«ምን እነግርዎታለሁ፣ ደስ ብሎን እኮ ነው የሄድነው። ጀልባው አዲስ፣ ጸበል የተረጨ። ሳይታሰብ ንጉሡ ከኋላ ክላክሱን ያንባርቀው ጀመር፤ አራቱንም ፍሬቻ አብርቶ እየተጠጋን። ጋሽ ጊዲዮንም መለሱለት፤ ቲት-ቲት፣ ቲት-ቲት-ቲት! የሙሽራ አጀብ ነበር የመሰለው። እኔም መስኮቱን አውርጄ እልልታዬን...» ብላ ቆመች። ማበጠሪያው ከእጇ ወደቀ። «ስሙዬ፣ ይቅር በይኝ። ያን ጊዜ እልል ማለቴን ሳስበው መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኛል።»

«ይህን ለፖሊስ ነግረሻቸዋል?»

«ጋሽ ጊዲዮን ‹ጨዋታችን ለለቀስተኛው ያሳፍራል፤ አታንሽው› አሉኝ። እኔም አፈርኩ።»

ወደ መኪናው ሲመለሱ የዓለምዘርፍ ቀበቶዋን እያሰረች፣ «ንጉሡ ሠርግ ላይ ክላክስ ይወድ ነበር?» ብላ ጠየቀች።

ስመኝ ከሦስት ሳምንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ልትስቅ ምንም አልቀራት። «ንጉሡ? በገዛ ሠርጋችን ሹፌሮቹን ከለከላቸው እኮ! ‹ክላክስ አደጋ ሲመጣ ብቻ ነው› ብሎ። ከቤተ ክርስቲያን እስከ አዳራሹ ጭጭ ብለን ስንሄድ፣ መንገደኛው ቀብር መስሎት መንገድ ለቀቀልን።»

የዓለምዘርፍ መነጽሯን ከግንባሯ አወረደች። ስመኝም ያለችውን ነገር ሳታስተውለው መኪናዋን አስነሣች።

ጋሽ ጊዲዮን ቤታቸው ደጃፍ ላይ ቆመው ጠበቁአቸው። ስድሳዎቹን ያጋመሱ፣ ሸሚዛቸው የተተኮሰ፣ አማርኛቸው ከሸሚዛቸው የባሰ የተተኮሰ ሰው ናቸው። ስመኝን አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ሰላም ሲሏት ዐይኗን ግን አላዩም።

«የልጅን ክፋት ማውራት አይቀናኝም» አሉ ለመርማሪዋ። «ነገር ግን እውነቱ እውነት ነው። ጸበሉ ተረጭቶ ስንወጣ ‹የፊቱ ገመድ ጠበቀ?› ብዬ ጠየቅሁት። ‹ይጠብቃል› አለኝ። ሰዋስዉ ስሕተት ነው፤ ‹ጠብቋል› ነው የሚባለው። በልቤ አርሜለት፣ ‹ጎበዝ› ብዬው መኪናዬን አስነሣሁ።»

«በእጅዎ አልሞከሩትም?»

«ልጁን አመንኩት።»

«ለምን ይዋሽዎታል?»

«አርብ ማታ የሆነውን ሰው ሁሉ ያውቀዋል» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። ስመኝ ይህን ስትሰማ ወለሉ ላይ የሚያርፍ ቦታ ለዐይኗ ፈለገች። ሰው ሁሉ ያወቀው በእሷ አፍ ነው።

«መንገድ ላይ ከኋላ የሰሙት ነገር ነበር?»

«ምንም። ነፋስ ብቻ።»

የዓለምዘርፍ መኪናቸውን ለማየት ፈቃድ ጠየቀች። የጣሪያውን ብረት ያዝ አድርጋ ወዘወዘችው፤ ከዚያ ኮፈኑን አስከፍታ ጎንበስ አለች። በመጨረሻ የዕቃ መጫኛውን ስትከፍት፣ ከትርፍ ጎማው አጠገብ ያልተቀደደ ላስቲክ ውስጥ ሁለት የጨርቅ ማንገቻዎች አገኘች።

«እነዚህ ምንድን ናቸው?»

«ከኮፈኑ ሥር የሚታሰሩት ማንገቻዎች ናቸው፤ የፊቱ ገመድ የሚያዝባቸው። አሮጌዎቹ ስለሳሱ ጥዬ እነዚህን ገዛሁ...» አሉና ጋሽ ጊዲዮን በመሐል ቃል አጠራቸው።

«መቼ ጣሉአቸው?»

«ከአደጋው በፊት በነበረው ሳምንት» አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት የዓለምዘርፍ ሁሉንም አሌክሳንድሪያ ጠራቻቸው፤ ማኅበሩ በሚቀዝፍበት ወንዝ ዳር ወዳለው መኪና ማቆሚያ። ጋሽ ጊዲዮን መኪናቸውን ይዘው መጡ። ከጎረቤት ክበብ የተዋሱት ተመሳሳይ ጀልባ ጣሪያው ላይ በፎም ላይ ተጋድሟል፤ ሚዜው ተፈትቶ አጠገቡ። ትርሲት ከስመኝ ጎን ቆመች። ማቲያስ እጁን ኪሱ ከትቶ ከሁሉም ራቅ ብሏል። ስመኝ የፈራችው ልጇ ጥፋተኛ መባሉን ብቻ አልነበረም፤ የእሷም ነገር እዚያው እንዳይነሣ ነበር።

«ማቲያስ፣ እሰረው» አለች የዓለምዘርፍ።

ልጁ ቀበቶዎቹን ወርውሮ አሳለፋቸው፤ በነፋስ እንዳያፏጩ እያንዳንዱን አንዴ ጠምዘዝ አድርጎ፣ ጎትቶ በመቆለፊያቸው ያዛቸው። ሚዜውን አሰረ። የኋላውን አሰረ። ወደ ፊት መጥቶ የተጠቀለለውን ገመድ ነካውና ቆመ።

«ለምን ቆምክ?»

«የሚታሰርበት ነገር የለም። ኮፈኑ ተዘግቷል።»

«ያን ቀንም እንዲሁ ነበር» አለች ወደ ሌሎቹ ዞራ። «አሮጌዎቹ ማንገቻዎች ተጥለዋል፤ አዲሶቹ እስከ ሰኞ ድረስ ላስቲካቸው አልተቀደደም። ስለዚህ የፊቱን ገመድ ማንም አልፈታውም። ሲጀመር አልታሰረም፤ ሊታሰርም አይችልም ነበር። ‹ልጁ አስሮ መልሶ ፈታው›፣ ‹ትርሲት ተንኮል ሠራች› የሚለው ሐሜት እዚህ ላይ ይቁም።»

«ተመስገን!» አለች ትርሲት።

«የቀረው አንድ ጥያቄ ነው። ማቲያስ ‹ገና ነው ብያቸዋለሁ› ይላል። ጋሽ ጊዲዮን ‹ጠብቋል ብሎኛል› ይላሉ። አንዱ ይዋሻል ብለን ነው ሁላችንም የተቀመጥነው። ማቲያስ፣ ቀበቶዎቹ አሁን ምን ሆነዋል?»

«ታይት ናቸው።»

«በአማርኛ?»

ልጁ ፊቱ ቀላ። «አላውቀውም። ጋሼ ጊዲዮን እንግሊዝኛ አትናገር ሲለኝ ‹ጠንካራ› እላለሁ።»

«‹ጠበቀ› ማለትስ ምንድን ነው?»

«ዌይት ማድረግ። ማሚ ‹ጠብቀኝ› ትላለች። ‹እግዚአብሔር ይጠብቅህ› ትላለች።»

«ሌላ ትርጉም?»

«ሌላ አለው?»

ጋሽ ጊዲዮን ወደ ልጁ ዞሩ።

«ጋሽ ጊዲዮን፣ ‹የፊቱ ገመድ ጠበቀ?› ብለው ጠየቁት። ይህ ልጅ የሚያውቀው አንዱን ‹ጠበቀ› ብቻ ነው፤ ‹ገመዱ እየጠበቀ ነው ወይ?› ብለው የጠየቁት መሰለው። አዎ፣ ይጠብቃል፣ ቁልፉን ይዘው እስኪመጡ ይቆያል ሊልዎት ፈለገ። ማቲያስ፣ ያን ቀን ያልከውን ቃል እንዳልከው በለው።»

«ይጠብቃል» አለ ልጁ።

‹ብ›ን አላልቶ ነበር ያላት፤ ልክ ‹ዋና›ንና ‹ገና›ን እንደሚያላላቸው።

«ሰማችሁ?» አለች የዓለምዘርፍ። «ይህ ቃል ሲጠብቅ ‹ይቆያል› ነው፤ ሲላላ ነው ‹ጥብቅ ይሆናል› የሚለው። ፊደሉ አንድ ነው፤ የሚለየው ጆሮ ነው። ልጁ ቆይቶ የሚታሰር ገመድ ነው ሲል፣ የጋሽ ጊዲዮን ጆሮ የጠበቀ ገመድ ሰማ። ይባስ ብለው ሰዋስዉን አረሙለት። ሁለቱም የተናገሩት እውነት ነው። አልዋሹም።»

ለስመኝ ያ ሁሉ ሳቅ ታወሳት፤ «እስቲ ገናን በል» እየተባለ፣ ልጇ እንግዳ ፊት እያፈረ። አርማዋለች እንጂ አንድ ቀን ቁጭ ብላ አላስተማረችውም። በእንግሊዝኛ ቢናገር ኖሮ ባሏ በሕይወት ይኖር ነበር። ሐፍረቱ ከእግሯ ጀምሮ ሲወጣ ተሰማት።

«እንግዲህ ሁሉም በአለመግባባት ነው ማለት ነው» አሉ ጋሽ ጊዲዮን፤ ድምፃቸው እፎይ ያለ ሰው ድምፅ ነበር። «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው።»

«ቢሆን ኖሮ እኔም እዚህ ላይ እጨርስ ነበር» አለች የዓለምዘርፍ። «ግን ንጉሡ ለምን ቀረበ? ርቀት ጠብቁ እያለ የኖረ ሰው ያን ቀን ለምን ተጠጋ? መኪናው የተጎተተበት ግቢ ሄጄ አየሁት። የአራቱ ፍሬቻ ማብሪያ እንደ ተጫነ ነው። በገዛ ሠርጉ ክላክስ የከለከለ ሰው፣ ያን ጠዋት ክላክሱን ያንባርቀዋል። ሌሎቻችን እንዲህ ስናደርግ ሠርግ ነው። ንጉሡ ሲያደርገው አንድ ትርጉም ብቻ አለው። የጀልባው አፍንጫ ሲነሣ አይቶታል። ሊነግራችሁ ነው የቀረበው።»

ትርሲት ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ስመኝ ትከሻዋን ያዘቻት፤ ማን ማንን እንደሚደግፍ አይታወቅም ነበር።

«ትርሲት አልገባትም፤ መንዳት የማትችል ሰው ናት። ጋሽ ጊዲዮንም ያን ጊዜ አልገባቸውም፤ ደስታ መስሏቸው በክላክስ መለሱለት። እስከዚህ ድረስ እንኳ ስሕተት ነው። በማግሥቱ ግን ገባቸው። ካልገባቸው ትርሲትን ‹አታንሽው› ለምን ይሏታል? እኔን ‹ነፋስ ብቻ› ለምን ይሉኛል?»

ጋሽ ጊዲዮን ኮታቸውን ቆለፉ፤ መልሰው ፈቱት።

«በማግሥቱ አይደለም» አሉ በመጨረሻ። «ጀልባው ጣሪያዬን ለቆ ሲሄድ ነው የገባኝ። ያን ጊዜውኑ ገባኝ። ሰውዬው ‹ቁም! ቁም!› እያለኝ እኔ ስጨፍርለት እንደ ነበር ገባኝ። አፈርኩ። ሰው ‹አስተማሪ ነኝ ባይ፣ ማንገቻውን መግጠም ረስቶ፣ ገመዱን በእጁ ሳይነካ፣ እየጨፈረ ሰው ገደለ› ከሚለኝ፣ ልጁ ዋሸኝ ማለት ቀለለኝ። ‹ይጠብቃል› ማለቱ እውነት ነው እያልኩ ራሴን አባበልኩ። የክላክሱን ነገር ዋጥኩት።»

«ልጁ እስር ቤት ቢገባስ?» አለች ስመኝ። ድምፁ ከእሷ መውጣቱን አላወቀችውም።

ጋሽ ጊዲዮን ለመጀመሪያ ጊዜ ዐይኗን አዩት። «አስቤዋለሁ» አሉ። «አስቤውም ዝም ብያለሁ። ይህን ነው ይቅር በዪኝ ለማለት አፍ ያጣሁለት።» ከዚያ ወደ ማቲያስ ሄደው በሽምግልናቸው ጎንበስ አሉለት። ልጁ ደንግጦ ወደ ኋላ ሸሸ፤ ምን እንደሚባል በአማርኛም በእንግሊዝኛም አላወቀም።

«ሰኞ ጠበቃው ቢሮ ይመጣሉ» አለቻቸው የዓለምዘርፍ። «ክላክሱንም ቃሉንም እንዳሁኑ ይናገራሉ። ከዚያ ወዲያ በልጁ ላይ ክስ የሚመሠርት ሰው አይኖርም። በእርስዎ ላይ ስለሚመጣው ግን ቃል አልገባልዎትም።»

«እመጣለሁ» አሉ።

ስመኝና ማቲያስ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ አብረው ተመለሱ። ድልድዩን አልፈው ሜሪላንድ ሲገቡ ስመኝ መንዳት አቃታትና ነዳጅ ማደያ ገብታ ቆመች። ሞተሩን አጠፋችው።

«ማቲ፣ የምነግርህ አለኝ። የዚያን ቀን ለፖሊሷ የአርብ ማታውን...»

«አይ ኖው፣ ማሚ።»

«ምኑን ታውቃለህ?»

«ዘ ፈርስት ዴይ። ሲጠይቁኝ አነበቡልኝ። ‹ዩር ማዘር ቶልድ አስ› ብለው።»

ስመኝ መሪውን እንደ ጨበጠች ቀረች። ሦስት ሳምንት ሙሉ ደበቅሁት ያለችውን ልጁ ያውቅ ነበር፤ እናቱ የባሰ እንዳታፍር ማወቁን ደብቆላት ነው የኖረው። በየማታው ወርዶ አብሯት በልቷል፤ ሳህን አጥቧል፤ «ደኅና እደሪ» ብሎ ወጥቷል።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ሳድ ነበርሽ። ምን አደርጋለሁ?»

እዚህ ላይ ዝም ብትል ኖሮ ነገሩ በዚህ ባበቃ ነበር። ግን የቀረውን ይዛ አብራው መኖር እንደማትችል አወቀች። ጋሽ ጊዲዮንም ዝም ብለው ነው እዚህ የደረሱት።

«እንግሊዝኛ ልናገር፣ እንድትሰማኝ» አለች። በተሰባበረ እንግሊዝኛዋ፣ ቃል እየፈለገች ነገረችው፤ አድርጎት ይሆናል ብላ እንዳሰበች። አንድ ቀን ብቻ እንዳልሆነ። እሱ ፎቅ ላይ ተኝቶ እሷ ከታች ሆና፣ የራሷን ልጅ ነፍሰ ገዳይ አድርጋ እንዳየችው።

ይህ በፖሊስ ወረቀት ላይ አልነበረም፤ ማንም አላነበበለትም። ማቲያስ ፊቱን ወደ ነዳጅ መቅጃው አዞረ።

«ኦኬ» አለ።

«ይቅር በለኝ፣ ልጄ።»

«አይ ሴድ ኦኬ፣ ማሚ።»

ማታ ስመኝ ሁለት ሳህን አቀረበች። በፎቁ ደረጃ ላይ የእግር ኮቴ ሲሰማት ቀና አለች፤ ልጇ ወደ መታጠቢያ ቤት ሄዶ ተመለሰና በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው። የዚያን ዕለት ማታ አልወረደም፤ እሷም ልትጠራው አልደፈረችም።